በባህሩዲን ቤት የምትራመደው ሴት

አባቴን ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አሳልፌ የሰጠሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ፣ እጄን አጣምሬ፣ በጸሎት። ያውም ጮክ ብዬ።

ዘመኑ ስድሳ ሦስት ነው። ዓመቱ ሊገባ ሲል፣ በክረምቱ፣ እናቴ በወሊድ ሞተች፤ ሕፃኑም አብሯት ሄደ። ዲላ ውስጥ ከገበያው በታች ባለችው ሁለት ክፍል ቤታችን አባቴና እኔ ብቻ ቀረን። አባቴ ዘነበ አናጢ ነበር። የከተማው ግማሽ በር የእሱ እጅ ሥራ ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም። በጸሎት ቤታችን ደግሞ ሽማግሌ ሆኖ የተመረጠ ሰው ስለነበር እሑድ እሑድ ከፊተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ እኔም ከኋላ ሆኜ የተላጨ ማጅራቱን እያየሁ እኮራለሁ። እህቱ፣ አክስቴ አሰገደች፣ ቀን ቀን እየመጣች ታበስልልንና ጀንበር ሳትጠልቅ ወደ ልጆቿ ትመለሳለች። አክስቴ ከእኛ ጋር የምታወራው በጌዴኦኛ ነው። አማርኛ የምታወጣው ለቁጣና ለጎረቤት ብቻ ነበር።

ለጎረቤት ስታወጣው አንድ ቀን ሰማኋት። ጎረቤታችን እትዬ ሙሉእመቤት አጥሩ ላይ ተደግፋ፣ አክስቴ ቆጮ እየከተፈች ነው። እኔ ከደጃፉ ጥግ ቁጭ ብዬ የቤት ሥራ የምሠራ መስዬ ጆሮዬን ጥያለሁ።

"ወንድምሽ ማታ ማታ የት ነው የሚሄደው?" አለች እትዬ ሙሉእመቤት።

"ባህሩዲን ቤት ሥራ አለኝ ይላል። እኔ ምን አውቄ!"

"የምን ሥራ ነው በመብራት? ተይ እቴ፣ ጠበቅ አድርጊው። ይኼ የቡና ወቅት ስንቱን ቤት አፍርሷል! ከአዲስ አበባ በየመኪናው ላይ ተጭነው የሚመጡትን አላየሽም?"

"ምን ይዘው ይመጣሉ ደሞ?"

"ተረከዝ ነዋ!" አለችና ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ አክስቴ እኔን አየችኝና "አልጣሽ፣ ሂድ ወደዚያ! ምን ያዳምጣል ይኼ ልጅ?" ብላ አባረረችኝ። ሴት ልጅ ነኝ፤ አክስቴ ግን ስትቆጣ ሴቱንም ወንዱንም አንድ ታደርገዋለች።

ተረከዝ ቤት የሚያፈርስበት ምክንያት አልገባኝም። ተረከዝ ምን እንደሆነ ግን አውቃለሁ። ቡና ሲደርስ በየመጠጥ ቤቱ ደጃፍ የሚቆሙት ሴቶች ጫማ ነው፤ ሚስማር በሚያህል እግር ላይ ቆመው ሲሄዱ መንገዱን የሚያንኳኩት ይመስላሉ። እኛ ሰፈር ግማሹ ሰው ባዶ እግሩን ነው፤ ጫማ ያለውም የሸራ ወይም የጎማ ነው። እንደዚያ የሚጮህ እግር ያለው ሰው ከእኛ ወገን አልነበረም።

ጋሽ ባህሩዲን የጨርቅ ነጋዴ ነው። ሱቁ ከዋናው መንገድ ላይ፣ ቤቱ ከሱቁ ጀርባ። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ሱራያ የምትባል አሥራ ስድስት ዓመት የሆናት ልጅ አለችው። አባቴ ለእሱ ሥራ የጀመረው መስከረም ላይ ነው። በግቢያችን ጥግ ካለው መሥሪያው ውስጥ ከዋንዛ ጣውላ ሁለት ትክክል የሆኑ፣ እስከ ደረቴ የሚደርሱ ሳጥኖች ሠራ። በየፊታቸው ላይ ሁለት ሁለት ክብ ቀዳዳ አወጣላቸው።

"አባባ፣ ቀፎ ነው?" አልኩት።

"የድምፅ ቤት ነው" አለኝ።

ሲቀልድብኝ መሰለኝ። ከእናቴ ቀብር ወዲህ ቀልዶ ስለማያውቅ ደስ ብሎኝ ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ጆሮውን ሳጥኑ ላይ ለጥፎ በጣቱ ያንኳኳል፣ ይሰማል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ከአክስቴ የእንሰት ቃጫ ለምኖ፣ እንደ ጸጉር አበጥሮ፣ የሳጥኖቹን ሆድ በቃጫ ሞላው። እንደገና አንኳኳ። አሁን ድምፁ ደረቅ አለ። "አሁን ዝም አለ" አለ ለራሱ። ሳጥኑ ዝም እንዲል ለምን እንደሚደክም ሊገባኝ አልቻለም።

ሳጥኖቹ በጋሪ ከሄዱ በኋላ አባቴ ማታ ማታ መሄድ ጀመረ። በዚያን ጊዜ ለከተማው መብራት የሚሰጠው ሞተር የሚነሳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እኛ ቤት መብራት አልገባም፤ ሞተሩ ሲጉረመርም ግን እንሰማዋለን። ያንን ሲሰማ አባቴ መጋዙን ያስቀምጣል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ንጹሕ ሸሚዝ ይለብሳል። ጸጉሩንም ያበጥራል። "በሩን ዝጊ፣ አልቆይም" ይለኛል። ሁለት ሰዓት ሲሆን ይመጣል። እኔ እስከዚያ ብቻዬን ነኝ።

ለሥራ የሚሄድ አናጢ ጸጉሩን ለምን ያበጥራል? የዘጠኝ ዓመት ልጅ ብትሆን እንኳ ይኼን ትጠይቃለች። ዛሬ ሐምሳ ካለፈኝ በኋላም አንዳንዴ እጠይቃለሁ።

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ምሽት፣ እንደ ወጣ ተከተልኩት። ገና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነበር። ጋሽ ባህሩዲን ቤት በሱቁ ጎን ባለው ጠባብ መተላለፊያ ነው የሚገባው። አባቴ በበሩ ሲገባ እኔ በጓሮ ዞሬ ከመስኮቱ ሥር ቆምኩ። መስኮቱ ተዘግቷል፤ መዝጊያው ላይ ግን ጣቴ የሚገባበት ስንጥቅ አለ። በስንጥቁ አየሁ። ግድግዳው ሁሉ የቡና ጆንያ ለብሷል። መጋረጃ መግዛት የማያቅተው የጨርቅ ነጋዴ ግድግዳውን ጆንያ የሚያለብሰው ምን ሊደብቅ ነው? ከክፍሉ መሀል አንድ ወንበር ብቻ አለ። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል። ጋሽ ባህሩዲን ጥግ ላይ ፍራሹ ላይ ጋደም ብሏል። ከፊታቸው ያለው የክፍሉ ጫፍ ጨለማ ነው፤ አምፖሉን በጨርቅ ሸፍነውታል።

"አሁን ዝም በል፣ ያ ዘነበ፣ መጣች" አለ ጋሽ ባህሩዲን፤ ሰው ሲጠራ እንደ ዓረብ "ያ" ይላል።

በር ሲከፈት ሰማሁ። ከዚያ ተረከዝ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ፤ በጣውላው ወለል ላይ፣ ከግራ ግድግዳ ተነስታ በአባቴ ፊት አልፋ ወደ ቀኝ ሄደች። ቆመች። ውኃ በብርጭቆ ቀዳች፤ ብርጭቆው ሲሞላ ድምፁ ሲቀጥን እንኳ ሰማሁት። ጠጣች። የሆነ ነገር ትዝ ብሏት ይሁን፣ ለብቻዋ በቀስታ ሳቀች። ከዚያ ተመልሳ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ ወደ መጣችበት። እኔ አላያትም፤ ጨለማው ውስጥ ናት። አባቴ ግን ያያታል። ስትሄድ አንገቱ አብሯት ከግራ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ስትመለስም ይመለሳል። በተመለሰ ጊዜ የፊቱን ግማሽ አየሁት።

ፈገግ ብሏል።

ያንን ፈገግታ አውቀዋለሁ፤ ለእናቴ ነበር የሚሰጠው። ለእኔ ከተሰጠኝ አራት ወር አልፎታል። ከዚያ ቤት እንዴት እንደ ወጣሁ አላስታውስም፤ ሮጬ ቤት ገብቼ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቀለልኩ። ሲመጣ "በላሽ?" አለኝ። "በላሁ" አልኩት። አልበላሁም።

እሑድ ሆነ። በጸሎት ቤታችን ከስብከት በፊት የጸሎት ርዕስ ይጠየቃል። ችግር ያለበት ይነሳና ይናገራል፤ የፈለገም ራሱ ይጸልያል፣ ጉባኤውም አሜን ይላል። ልጅ አዋቂ አይለይም፤ እንዲያውም ልጅ ሲጸልይ ሰው ደስ ይለዋል። ወንጌላዊ ታረቀኝ "ርዕስ ያለው?" አሉ። አንዱ ላሙ ታምማበታለች። አንዷ ልጇ ከወታደር ቤት ደብዳቤ አልጻፈላትም። እኔ ተነሳሁ። "የዘነበ ልጅ፣ ጎበዝ!" ያለ ሰው ትዝ ይለኛል።

"ጌታ ሆይ" አልኩ፣ "በጋሽ ባህሩዲን ቤት ያለችውን ባለ ተረከዝ ሴትዮ ከአባቴ ላይ አንሳልኝ። አባቴን ማታ ማታ ቤት እንዲሆን አድርግልኝ። በኢየሱስ ስም አሜን።"

አሜን ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሳቸውም ጆሯቸው የማይሰማው አባ ገበየሁ ናቸው። ዓይኔን ስገልጥ የአባቴ ማጅራት ከፊቴ አለ። አልዞረም። ቀልቶ ነበር።

ወደ ቤት ስንሄድ እጄን ይዞኝ ነበር። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ግን መትቶኝ አያውቅም።

"ማንን ነው ያየሽው?" አለኝ መጨረሻ ላይ።

"አላየኋትም። ሰማኋት እንጂ።"

ቆመ። "የት ሆነሽ?"

"ከመስኮቱ ሥር።"

"ከውጭ? ስትራመድ ሰማሻት? ከየት ወደ የት ሄደች?"

"ከግራ ወደ ቀኝ። ከዚያ ውኃ ጠጣች።"

ጉድ ነው፤ ፊቱ በራ። ሊስቅ ሁሉ ምንም አልቀረው። እኔ ይኼን ምን ልበለው? ሰው በጉባኤ ፊት ተዋርዶ፣ ስለ ሴትዮዋ አካሄድ ሲነገረው የሚበራለት ከሆነ፣ ጠፍቷል ማለት ነው ብዬ አለቀስኩ። ዛሬ ነው የገባኝ። ሦስት ወር ሙሉ በሲባጎ እየለካ፣ ሳጥኖቹን በጣት ስፋት እየገፋ፣ ከአንደኛው ሳጥን እስከ ሁለተኛው ያለው ርቀት ከእያንዳንዱ እስከ ወንበሩ ካለው ጋር እኩል እስኪሆን የደከመ አናጢ፣ ከውጭ በስንጥቅ የሰማ ሰው እንኳ የሌለችን ሴት እንዳለች መቁጠሩን ሲነግሩት ነው የበራለት። ለዚያ ሥራው የተሰጠው ብቸኛ ምስጋና የእኔ ክስ ነበር።

"አልጣሽ፣ ሴት የለችም" አለኝ ተንበርክኮ። "ሸክላ ነው። ከባህሩዲን አዲስ ማጫወቻ ጋር የመጣ ሸክላ ነው። ማጫወቻው ድምፁን በሠራኋቸው ሁለት ሳጥኖች ይከፍለዋል፤ ስለዚህ የምትሄድ ይመስላል።"

"ሸክላ ይዘፍናል እንጂ ይራመዳል?" አልኩት።

በመላው ዲላ ሸክላ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚለው ይኼንኑ ነው።

ሽማግሌዎቹም አሉት። ረቡዕ ሦስት ሆነው እኛ ቤት መጡ፤ እኔ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ነበርኩ። ወንጌላዊ ታረቀኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ወንድም ዘነበ፣ ሚስትህ ሞታለች፣ ጎልማሳ ነህ፣ እናውቃለን። ሰው ነህና ብትወድቅ እናነሳሃለን። ሸክላ ነው ስትለን ግን ደስ አይልም" ሲሉት ሰማሁ። ሌላው ደግሞ "የሰውየው ልጅ ስም እየተነሳ ነው" አለ። የትኛው ሰውዬ፣ የትኛዋ ልጅ፣ ያኔ አልገባኝም። አባቴ "ኑና ስሙ" አለ። ደግሞ ደጋግሞ "ኑና በጆሯችሁ ስሙ" አለ።

ሐሙስ ማታ ከአባቴ ጋር ሄዱ። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ሁለት ሰዓት ላይ አራቱም በመንገዱ ሲመለሱ የፋኖሳቸውን ብርሃን አየሁ። ደጃፋችን ሲደርሱ ወንጌላዊ ታረቀኝ የአባቴን ትከሻ ይዘው ትንሽ ቆሙ፣ ከዚያ ሄዱ። እሑድ በጉባኤው ፊት "በወንድማችን ላይ የተወራው ሐሰት ነው፤ ሴት የሚባል የለም" ብለው አወጁ። ሰዉ አሜን አለ። እኔም እፎይ ልል ነበር። አባቴ ግን ከፊተኛው ወንበር ላይ አልነበረም። ኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ከእንግዶች ጋር ተቀምጧል። ማንም ተነስ አላለውም፤ ራሱ ነው የተነሳው። እኔ ግን እንደ ልጅ ደመደምኩ፦ ሽማግሌዎቹ በሄዱ ቀን ሴትዮዋ ተደብቃ ነበር፤ አባቴ ግን ኅሊናው ወቅሶት ነው።

ለማንኛውም ጸሎቴ ተሰማ። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ አባቴ ማታ ማታ ቤት ሆነ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ሞተሩ ሲነሳ እጁን ከሥራው ያነሳል፣ ከዚያ የሚሄድበት እንደሌለ ያስታውስና እንደገና ይቀመጣል። ጸጉሩን ማበጠር ተወ። "በላሽ?" ይለኛል፤ "በላሁ" እለዋለሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ሆኖ ወለሉን ያያል። እኔ ከፊቱ ነኝ። ልነካው እፈልጋለሁ፣ እፈራለሁ። እሱ ቤት ሳይኖር ብቻዬን የነበርኩ ይመስለኝ ነበር፤ ብቸኝነት ማለት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ግን ከመጣልኝ በኋላ ነው።

አንድ ጊዜ ጋሽ ባህሩዲን በር ድረስ መጣ። "ያ ዘነበ፣ ወንበሩን ማንም አልነካውም፣ ወላሂ" አለው። አባቴ "ሥራ በዝቶብኝ ነው" አለ። ምንም ሥራ አልነበረውም። ጋሽ ባህሩዲን እኔን አየኝ፤ የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፣ ጸጉሬን ዳሰሰኝና ሄደ።

አባቴ በሰባ ዘጠኝ ዓ.ም. ሞተ። ሌላ ሚስት አላገባም። እኔ አዋሳ መምህርት ሆኜ፣ ወልጄ ከብሬ፣ ወደ ዲላ የምመለሰው ለለቅሶ ብቻ ሆነ። ሁለት ሺህ አንድ ላይ አክስቴን ቀብረን ስመለስ ነጠላ ልገዛ ከዋናው መንገድ ላይ ካለ ሱቅ ገባሁ፤ ከባንኮኒው ጀርባ ሱራያ ነበረች። መነጽር አድርጋ፣ ወፍራ፤ ሆኖም አልጠፋችኝም። እሷም አወቀችኝ።

"አንቺ የዘነበ ልጅ! እኔን የዳርሽኝ!" ብላ ሳቀች።

"እንዴት?"

"አታውቂም እንዴ? በባህሩዲን ቤት ሴት አለች ከተባለ፣ በቤቱ ያለችው ሴት ማን ናት? አባቴ ወሬው ሳይዞርብኝ ብሎ በዚያው ዓመት ቡታጅራ ዳረኝ። ባሌ ደህና ሰው ነበር፣ አላህ ይማረው፤ ባይሆን ኖሮ አልለቅሽም ነበር።"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ለአንድ ቀን እንኳ ይኼ አልታሰበኝም ነበር። ወንበር ሰጠችኝና ሻይ አዘዘችልኝ። ስለ ሸክላው የጠየቅኋት እኔ ነኝ።

"ለማሳያ የመጣ ነበር" አለችኝ። "ባቡር ያልፋል፣ ኳስ ይነጥራል፣ ዝናብ ይጥላል፣ አንዲት ፈረንጅ ትገባለች፣ ውኃ ትጠጣለች፣ ትስቃለች፣ ትወጣለች። አለቀ። አባቴ የዓረብ ዘፈን ነው የሚወደው፤ ዘፈን ሞልቶን ነበር። አባትሽ ግን እሷን ብቻ ነው። 'አንድ ጊዜ ድገማት' ይላል። አባቴም ይደግምለታል። እኔ ሻይ ይዤ በሩ ላይ እየቆምኩ ተረከዙን በቃሌ ይዤው ነበር።"

"ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለትስ?"

"ውይ! ሰባኪውን ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። ሴትየዋ ስታልፍ ብድግ ብሎ ወደ ኋላው ዞሮ አየ! ሁሉም ሳቁ፣ እሱም ሳቀ፣ አባትሽም ሳቀ። በቃ፣ ነገሩ እዚያ ላይ ያለቀ ነበር። ከዚያ ሰባኪው ለጨዋታ ብሎ፣ 'ወንድም ዘነበ፣ እውነት ለዚች ኮቴ ነው ሦስት ወር የተመላለስከው?' አለው።"

ሱራያ አንድ ጣቃ ጨርቅ ስባ ማጠፍ ጀመረች።

"አባትሽ ወደ ሳጥኖቹ ዞረ። ሳቃቸው ቀስ በቀስ ቆመ። ከዚያ 'ዓይኔን ስጨፍን ቤቴ ውስጥ ሰው ያለ ይመስለኛል' አለ። እንዲሁ፣ ቀስ ብሎ። ሰዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ባርኔጣቸውን እያነሱ ወጡ። አባቴ ከዚያ በኋላ ሸክላውን አላስነካንም።"

አባቴ ለምን ኋላ እንደ ተቀመጠ ያኔ ገባኝ። በሴት ቢከሱት ይችለው ነበር፤ ያን ያህል ባዶ መሆኑን ሰዎች ማወቃቸውን ነው ያልቻለው። አሳዘነኝ ብል ግን ውሸት ነው። መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው፤ ሞቶ ሃያ ሁለት ዓመት በሆነው ሰው ላይ ደሜ ፈላ። በእነዚያ ምሽቶች ሁሉ እራቱን ሸፍና፣ ኩራዙን አብርታ፣ በሩ ጥግ ቁጭ ብላ ኮቴውን የምትጠብቅ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ሻዩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት።

"እኔ እኮ ነበርኩ" አልኳት።

ሱራያ ከጨርቁ ቀና አለች። "የት?"

"ቤቱ ውስጥ።"